«ሙዱ አልመጣልኝም»

ባለፈው ሰሞን አንድ የመጽሐፍ ምረቃ ላይ ተጠርቼ ነበር። ንግግሩ አልቆ ሻይ ቡና ሲባል አንድ ወጣት ጠጋ አለኝና «ጋሼ፣ እኔም እኮ እጽፋለሁ» አለኝ። «ደግ ነው፤ ምን ጻፍክ?» አልኩት። «አሁን እንኳ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ ምንም አልጻፍኩም። ሙዱ አልመጣልኝም።»

ምን ቢሟላ ሙዱ እንደሚመጣ ጠየቅኩት። አንድ ወር ላንጋኖ ወይም ባሕር ዳር፣ ሐይቅ ዳር ቢቀመጥ፤ ጸጥታ ቢያገኝ፤ ደህና ላፕቶፕ ቢኖረው። «እዚህ ከተማ ውስጥ ግን ምንም የሚታይ ነገር የለም» ብሎ ዘጋው።

ምንም የሚታይ ነገር የለም! ልጁ ይህን ሲለኝ በስተጀርባው፣ በመስኮቱ በኩል፣ አንድ ጎማ ጠጋኝ ይታየኝ ነበር። ሰውየው ታፔላ ማሠሪያ ገንዘብ ሳያስፈልገው አሮጌ ጎማ በገመድ አንጠልጥሎ ዙሪያውን በነጭ ቀለም «ጎሚስታ» ብሎ ጽፎበታል። ጎማው ክብ ነውና «ታ» ዞራ መጥታ «ጎ»ን ልትነካት ምንም አልቀራትም። ነፋስ መጣ፤ ጎማው ሲዞር ቃሉም አብሮ ዞረ። እኔ ሻዬን ረስቼ አያለሁ፤ ጸሐፊው ጀርባውን ሰጥቶ ሙዱን ይጠብቃል።

እንግዲህ የእኔ ክርክር ይኸው ነው፦ ተመስጦ ቤታችን ድረስ መጥቶ በር የሚያንኳኳ እንግዳ አይደለም፤ ወጥተን የምንፈልገው ነው። ዋጋውም ከአንድ የታክሲ ሒሳብና ከአንድ ደብተር አይበልጥም። «የሚታይ የለም» የሚለው ሰው የጎደለው ሐይቅ ሳይሆን ማየት ነው። ማየቱን ደግሞ ያስጣልነው እኛ መምህራኑ ነን።

ይህን የምለው ከዚያ ወጣት ተሽዬ አይደለም። ይልቅ የሠራሁትን ልንገራችሁ።

ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ለተማሪዎቼ «በዚህ ሳምንት ያያችሁትን ጻፉ» ብዬ የቤት ሥራ ሰጠሁ። አንዱ ባለ 50 ሉክ ደብተር ይዞ መጣ። ከሰፈሩ እስከ ትምህርት ቤቱ በመንገዱ ላይ ያሉትን ታፔላዎች አንድ በአንድ፣ ከነፊደላቸው ቅርጽ፣ በእጁ ገልብጧቸዋል። ከእያንዳንዱ ሥር ደግሞ ስለ ጻፈው ሰው ሁለት ሦስት መስመር ጨምሯል። የሥጋ ቤቱ ሠዓሊ «ጋ»ን እግሯን የበሬ እግር አድርጎ ሰኮና ሠርቶላታል። የጠጉር አስተካካዩ ደግሞ «ጠጉር ቤት» ሲል የ«ጠ»ን ሦስት እግሮች አሹሎ ማበጠሪያ አድርጓቸዋል።

እኔ ምን አደረግሁ? ቀይ እስክሪብቶዬን አወጣሁ። «ጠ»ን ሰርዤ «ፀ» አልኩ። መጨረሻው ላይም «ይህ ሥነ ጽሑፍ አይደለም» ብዬ ጻፍኩና የነጥቡን ግማሽ ሰጠሁት። ልጁ «እሺ መምህር» ብሎ ደብተሩን ተቀበለኝ። ከዚያ በኋላ እንደ ጓደኞቹ ስለ ጨረቃና ስለ ጽጌረዳ ይጽፍልኝ ጀመር። ጥሩ ጥሩ ውጤትም ሰጠሁት!

ከዓመታት በኋላ ለሌላ ጉዳይ መዝገበ ቃላት ስገልጥ «ጠጉር» ቁጭ ብሏል። መጽሐፍ ቅዱሳችንም የሚለው «ጠጉር» ነው። ለስህተት የቀጣሁት ልክ የሆነውን ነበር። የፊደሉ ነገር ግን ትንሹ ጥፋቴ ነው። «ፀ» ክብ ናት፤ ማበጠሪያ አትሆንም። ያ ስሙን የማላውቀው ሠዓሊ ግን ከቃሉ ድምፅና ከፊደሉ መልክ መሐል ዝምድና ፈልጎ አግኝቷል። ባለቅኔ የሚሠራው ሥራ ከዚህ በምን ይለያል? ተማሪዬ አየለት፤ እኔ ሰረዝኩበት።

የሚያሳፍረው ደግሞ፣ በዚያው ሰሞን የመስፍን ሀብተማርያምን «የቡና ቤት ስዕሎችና ሌሎችም ወጎች» እያደነቅሁ አስተምር ነበር። አንድ ደራሲ የቡና ቤት ግድግዳ አይቶ ወግ እንደሚወጣው በመጽሐፍ ሲመጣልኝ አጨበጭባለሁ፤ በተማሪ ደብተር ሲመጣ አላውቀውም። ታትሞ ካልመጣ የማናውቅ ስንቶቻችን ነን?

ሠዓሊዎቹ እንኳ ከእኛ ይሻላሉ። ወሰኔ ኮስሮፍ አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ተቀምጦ ለአሠርት ዓመታት የሣለው ምንድን ነው? እኛ በልጅነታችን እየጮህን የሸመደድነውን ፊደል ነው። እየበተነ፣ እየቆረጠ፣ እያስጨፈረ ሸራ ሞላበት። 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ቅርጽ ነው። እኛ በነጻ ተሰጥቶን ማንበቢያ ብቻ አደረግነው።

ቴምብርንም እንዲሁ ነው የናቅነው። ልጅ ሆኜ ከውጭ የመጣ ደብዳቤ ከተገኘ ፖስታውን ለምኜ እወስድና ውኃ ውስጥ እዘፈዝፈዋለሁ፤ ቴምብሩ ሲላቀቅ መጽሐፍ መሐል አደርቀዋለሁ። ያኔ ጨዋታ ነበር። ዛሬ ሳስበው የአጻጻፍ ትምህርት ቤቴ እሱ ነበር። በአውራ ጣት ስፋት ላይ የአገር ስም፣ ሥዕል፣ ዋጋና ጌጥ አሉ፤ አንዱ ሌላውን አይገፋም። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 የመጀመሪያዎቹን ሰባት ቴምብሮች ፓሪስ ሲያሳትሙ ቅርጹን የሠራው ዩጂን ሙሾን የሚባል ፈረንሳዊ ነው። በአንዳንዶቹ ላይ ንጉሡ፣ በሌሎቹ ላይ አንበሳው ነበሩ። ባዕዱ ሰው የማያነበውን ፊደል እያየ መቅረጽ ነበረበት፤ ስለዚህ አየው። በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል የሠሩት ሎሬት አፈወርቅ ተክሌም ለቴምብር ሥዕል ሠርተዋል። ለአዳራሽ የሚበቃ እጅ አውራ ጣት የምታህል ወረቀት አልናቀም። በሦስት ገጽ የሚያልቀውን ሠላሳ ገጽ ለምናንዛዛ ጸሐፊዎች ከዚህ የበለጠ ምን መምህር አለ?

«ጋሼ፣ ዘመን አይቆምም፤ የድሮ ናፍቆት ይዞህ ነው» የሚሉኝ አሉ። ኮምፒዩተር ጠላቴ አይደለም፤ ይህችንም የምጽፈው በእሱ ነው። የምጠላው አለማየትን ነው። ዛሬ አንድ የውበት ሳሎን ሲከፈት ባነሩ ላይ የምትስቀው ሴት ከኢንተርኔት የተወሰደች ናት፤ ቀጥሎ ያለው ሳሎንም እሷኑ ሰቅሏል። ፊደሉ ቦታ እንዲሞላ ወደ ጎን ተለጥጦ «ው» እንደ ተረገጠ እንጀራ ተንጣሏል። ማንም አላየውም፤ ማንም አላፈረበትም። በኮምፒዩተርም ቢሆን «ጠ»ን ማበጠሪያ ማድረግ ይቻላል እኮ! የሚያስበው ሰው ነው የጠፋው።

«ሆድ ባዶ ሆኖ ምን ተመስጦ!» የሚለኝም አለ። እውነቱን ነው፤ ረሃብ አያስጽፍም። ነገር ግን ያ የጠጉር ቤት ሠዓሊ ጠግቦ የሚሠራ ይመስላችኋል? መሰላል ላይ ወጥቶ በዘይት ቀለም የጻፈው ለዕለት ጉርሱ ነው። ያች ማበጠሪያ በሒሳቡ ውስጥ አልነበረችም። ዝም ብሎ ቢጽፍም ያው ይከፈለው ነበር።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ጊዜ የለንም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ አካባቢ የነበሩ ሰፈሮች ሲፈርሱ ስንትና ስንት ታፔላ አብሮ ወረደ። ቤቱ መፍረስ ነበረበት ወይ የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው፤ ለሌላ ቀን ይቆየን። ግን ታፔላዎቹን ማን ገለበጣቸው? ማን ፎቶ አነሳቸው? በቅርቡ መርካቶ ምን አለሽ ተራ ስዞር አንድ ቀጥቃጭ ከአሮጌ ላሜራ የከሰል ምድጃ ሲሠራ ቆሜ አየሁ። ላሜራው ታፔላ ነበር። ምድጃው ሆድ ላይ «ቤት» የሚለው ከነጥላው፣ ከነቢጫ ጠርዙ ቀርቷል። የምን ቤት እንደነበረ ግን ተቆርጧል። ሰውየውን ብጠይቀው «እኔ ቆርቆሮ ነው የገዛሁት» አለኝ። ምን ያድርግ? እሱ ሥራውን እየሠራ ነው። ሥራችንን ያልሠራነው እኛ ነን።

ስለዚህ አንተ ሙዱ ያልመጣልህ ወጣት፣ ላንጋኖን ተወው። ቅዳሜ ጠዋት ደብተርህን ያዝና ከቤትህ እስከ ገበያ በእግርህ ሂድ። አንድ ታፔላ ምረጥና ፊት ለፊቱ ቆመህ ፊደሉን እንዳለ ገልብጥ። ስልክህ ያነሳልሃል፤ እጅህ ግን ያስተምርሃል። ከዚያ ግባና «ይህን ማን ጻፈው?» ብለህ ጠይቅ። አንድ ታሪክ ይዘህ ካልወጣህ ከእኔ ጋር እንጣላ።

አንተም የድሮ ተማሪዬ፣ ይህችን ካነበብክ፣ «ጠጉር» ልክ ነበር። ግማሹ ነጥብ ደግሞ የእኔ ስህተት ነው። ደብተሩ ካለህ አትጣለው።