ስለ መንግሥት ግዥ ተቆጣጣሪዎች

መንግሥት ያለ ሠራዊት፥ ሠራዊትም ያለ ስንቅ፥ ያለ ልብስና ያለ መሣሪያ ሊቆም እንደማይችል ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ ሲገዛ ዋጋውን መርምሮ፥ ዓይነቱን አይቶ፥ ቍጥሩን ቈጥሮ የሚረከበው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የጦር አለቃ ድል ባደረገ ጊዜ ስሙ ይነሣል፤ መሐንዲስ ድልድይ በሠራ ጊዜ ይመሰገናል። የግዥ ተቆጣጣሪ ግን ሥራውን በደኅና የሠራ እንደሆነ ሊመጣ የነበረው ጉዳት ሳይመጣ ስለሚቀር፥ ያልመጣውን ጉዳት አይቶ የሚያመሰግነው አይገኝም። ስለዚህ ስለዚህ ሙያ ጥቂት ቃል ለመናገር አሰብን።

ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፥ በደብረ ታቦር አጠገብ፥ ጋፋት የሚባል ስፍራ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ የመጡትን የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች በዚያ ሰብስበው መድፍ አሠሩ። ሴባስቶፖል የተባለው ታላቁ መድፍ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝን ሲሆን፥ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በሰው ጕልበት እየተጐተተ ሄደ። በዚያ ሥራ አዛዡም፥ ከፋዩም፥ ተቆጣጣሪውም፥ ተረካቢውም ንጉሡ ራሳቸው ነበሩ። አንድ ንጉሥ በአንድ ጋፋት ላይ ዓይኑን ሊያሳርፍ ይችላል። በዛሬው ዘመን ግን የመንግሥት ግዥ በአንድ ቀን በብዙ ስፍራ ስለሚደረግ፥ መንግሥትን ዓይን ሆኖ የሚያገለግል ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ተቆጣጣሪ የምንለው ይህን ሰው ነው።

ለካህናት አንባቢዎቻችን ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። በመጽሐፈ ነገሥት እንደ ተጻፈው፥ በይሁዳ ንጉሥ በኢዮአስ ዘመን የቤተ መቅደሱን ገንዘብ የሚቀበሉትም፥ የፈረሰውን እንዲያድሱ የታዘዙትም ካህናቱ ነበሩ። ንጉሡ በነገሠ በ23ኛው ዓመት በተመረመረ ጊዜ ግን የፈረሰው እንደ ፈረሰ ተገኘ። ከዚህ በኋላ ካህኑ ዮዳሄ ክዳኑ የተነደለ ሣጥን በመሠዊያው አጠገብ አኖረ። ገንዘቡንም የንጉሡ ጸሓፊና ሊቀ ካህናቱ በአንድነት ቈጠሩት፤ የተቈጠረውም በሥራው ላይ ለተሾሙት ተሰጠ፤ እነርሱም ለጠራቢውና ለግንበኛው ከፈሉ። ካህናቱ ሌቦች ነበሩ ተብሎ አልተጻፈም፤ የሚቀበለውና የሚሠራው አንድ በመሆኑ ብቻ ሥራው ሳይሠራ ቀረ። ሰዎቹ በተለያዩ ጊዜ ቤቱ ታደሰ። በጣና ደሴቶች ባሉት ገዳማትም ንዋየ ቅድሳቱ በመዝገብ እየሰፈረ፥ ከሹም ወደ ሹም በምስክር ፊት እየተላለፈ የኖረው በዚሁ ምክንያት ነው። መዝገብ የሚጻፈው ገበዙ ስለ ተጠረጠረ አይደለም፤ እንዳይጠረጠር ነው።

ይህን ሥርዓት መተው የሚያመጣውን ጉዳት በዘመናችን አይተናል። በ2002 ዓ.ም. የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፥ በአጭር ስሙ ሜቴክ፥ 10 ቢሊዮን ብር ካፒታል ተፈቅዶለት ተቋቋመ። አሳቡ መልካም ነበር፤ ለጦር ኃይሉ የሚሠሩት ፋብሪካዎች ለልማትም እንዲጠቅሙ፥ አገራችንም የባዕድ ብረት ከመለመን እንድትድን የታሰበ ነው። መሪዎቹም የጦር መኰንኖች ነበሩ። ነገር ግን ሥራው በጦር መሣሪያ አልተወሰነም፤ በጃዊ ምድር የጣና በለስ ስኳር ፋብሪካ ሥራ፥ ከጣና በሚወጣውም በዐባይ ላይ የታላቁ የሕዳሴ ግድብ የብረታ ብረትና የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራ ያለ ጨረታ ተሰጠው።

የሆነውም የታወቀ ነው። በጃዊ አገዳው ሲደርስ ፋብሪካው አልደረሰም፤ የተዘራው አገዳ በማሳው ላይ አረጀ። ሥራውም ከሜቴክ እጅ ወጥቶ በሌላ ተቋራጭ ከተፈጸመ በኋላ የመጀመሪያው ፋብሪካ በ2013 ዓ.ም. ተመረቀ። የግድቡም ሥራ በነሐሴ ወር 2010 ዓ.ም. ከሜቴክ ተወስዶ ለሌሎች ተሰጠ፤ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ኅዳር 3 ቀን 2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በሰጡት መግለጫ፥ ኮርፖሬሽኑ ያለ ጨረታ ከውጭ አገር የፈጸመው ግዥ 37 ቢሊዮን ብር መድረሱን አስታወቁ።

በእያንዳንዱ ሰው ላይ መፍረድ የዳኛ ሥራ ስለሆነ እኛ በዚያ አንገባም። የምንናገረው ስለ ሥርዓቱ ነው። አሠሪው መንግሥት፥ ሠሪውም የመንግሥት ድርጅት በሆነ ጊዜ፥ በመካከላቸው ቆሞ «ይህ ዕቃ ስንት ነው? ከማን ተገዛ? ማን ተረከበው?» ብሎ የሚጠይቅ ሦስተኛ ሰው ጠፋ። ቢኖርስ በወር ደመወዝ የሚያድር ጸሓፊ ጄኔራሉን ደረሰኝ ሊጠይቅ እንዴት ይደፍራል?

አንዳንዶች «የጦር ነገር ምሥጢር ነው፤ በጨረታ አደባባይ አይወጣም» ይላሉ። ይህ ቃል ከፊሉ እውነት ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የግዥ አዋጅ ቍጥር 649ም ለአገር መከላከያና ለደኅንነት ሲባል የተለየ የግዥ ሥርዓት እንዲፈጸም ፈቅዶ ነበር። ነገር ግን ምሥጢር ለመድፉ ነው እንጂ ለስኳሩ አይደለም። ለመድፉም ቢሆን ምሥጢር ከጠላት የሚሰወርበት እንጂ ከመንግሥት መዝገብ የሚሰወርበት አይደለም። ሌሎች ደግሞ «ቍጥጥር ሥራ ያዘገያል» ይላሉ። የጣና በለስ ሥራ በ2003 ዓ.ም. ተጀምሮ፥ ጨረታ ሳያዘገየው፥ የመጀመሪያው ፋብሪካ እስኪመረቅ ድረስ 10 ዓመት እንደ ፈጀ ማስታወስ ለዚህ በቂ መልስ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጸሓፊ በባሕር ዳር፥ በሐይቁ ዳር፥ ዕድሜያቸውን በሠራዊት ልብስና ጫማ ግዥ ቍጥጥር ከፈጸሙ አንድ ሽማግሌ ጋር ተቀምጦ ነበር። ጫማ በመጣ ጊዜ ነጋዴው ከላይ አንሥቶ የሚያሳየውን ትተው ከሣጥኑ መካከል አንዱን ያወጡ፥ ሌሊቱን ሁሉ በውኃ ውስጥ ያሳድሩት ነበር። ሲነጋ ሶሉ የተላቀቀ እንደሆነ ዕቃው ሁሉ ይመለሳል። አንድ ጊዜ ነጋዴው ለበዓል ሙክት ወደ ቤታቸው ሰደደ፤ እርሳቸውም ሙክቱን ከጫማው ጋር መለሱት። ብዙ ሳይቈዩ «ሥራ ያጓትታል» ተብለው ወደ ሌላ ክፍል ተዛወሩ። ይህን ሲነግሩን አላማረሩም። «ወንድሜ፥ ይህ ጫማ በሚፈርስበት ቀን እኔ ቤቴ ተኝቻለሁ፤ የተጫማው ልጅ ግን በምሽግ ውስጥ ነው» አሉን። የተቆጣጣሪ ሥራ ምን እንደሆነ ከዚህ ቃል አብልጦ የሚያስረዳ አላገኘንም።

ደግሞም ቍጥጥር በመረከብ ቀን አያልቅም። በጣና ላይ የተነሣውን እምቦጭ ለማጨድ ከመጡት መሣሪያዎች መካከል መለዋወጫና ጠጋኝ በማጣት ያለ ሥራ የቆሙ ነበሩ፤ አረሙ ግን መለዋወጫ አይጠብቅም። የገዛ ሰው የሚጠግነውንና የሚነዳውን አብሮ ካላሰበ፥ ገንዘቡን በሐይቁ ዳር ለዝገት እንደ ሰጠ ይቈጠራል።

እንግዲህ ለክቡራን ሹማምንት ሦስት ነገር ልናሳስብ እንወዳለን። መጀመሪያ፥ የሚያዝዝ፥ የሚገዛና የሚረከብ ሦስቱ በአንድ አለቃ ሥር አይሁኑ፤ ሥራው የሠራዊት ቢሆንም፥ የልማት ቢሆንም። ሁለተኛ፥ የግዥ ቍጥጥር ሰው እስኪሾም የሚያርፍበት ወንበር ሳይሆን፥ ከዕቃ ግምጃ ቤት ጸሓፊነት ጀምሮ ደረጃ በደረጃ የሚወጡበት፥ ትምህርትና በቂ ደመወዝ ያለው የዕድሜ ሙያ ይሁን፤ ተቆጣጣሪም ምክንያቱ በጽሑፍ ሳይገለጥ ከቦታው አይነሣ። ሦስተኛ፥ ተቆጣጣሪው አልረከብም ያለውን ዕቃ ተረከብ የሚል አለቃ ቢኖር ትእዛዙን በገዛ እጁ ጽፎ ይፈርም። ጦርነት አስቸኳይ ስለሆነ እንዲህ ያለው ትእዛዝ የሚያስፈልግበት ቀን ሊመጣ ይችላል፤ የቃል ትእዛዝ ግን ለአዛዡ መደበቂያ፥ ለታዛዡ ወኅኒ ነው።

ለሊቃውንትና ለካህናትም ቃል አለን። የሰው ኪስ የገባ እጅ ሌባ ሲባል፥ የመንግሥት ገንዘብ የወሰደ ግን ብልህ ሲባል እንሰማለን። ይህን አሳብ አዋጅ ብቻውን አይነቅለውም፤ ትምህርት ይነቅለዋል። የንስሐ ልጆቻችሁ መካከል መዝገብ ያዥ፥ ግምጃ ቤት ጠባቂ፥ ተቆጣጣሪ ይኖራልና፥ እውነተኛ ቍጥር መጻፍም ጽድቅ መሆኑን አስተምሯቸው።

ዐፄ ቴዎድሮስ ያሠሩት መድፍ እስከ ዛሬ በመቅደላ አለ። ያን መድፍ የተቆጣጠረው የንጉሥ ዓይን ነበር። ዛሬ ያ ዓይን በአንድ ትንሽ ወንበር ላይ ለተቀመጠ፥ ስሙ ለማይታወቅ ሠራተኛ ተሰጥቶአል። ዓይንን የሚያከብር አካሉን ያድናል፤ ዓይኑን የሚወጋ ግን በገደል አፋፍ ላይ ሆኖ መንገድ መጠየቅ ይቀረዋል።