የአራስ ደመወዝ ዕዳው የማን ነው?

እንደሚታወቀው የሴቶች በዓል በደረሰ ቁጥር በዚህች የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ስለ እናትነት የሚያምሩ ጽሑፎች ይወጣሉ። እኛም ቆም ብለን እናነባለን፣ ራሳችንን ነቅነቅ እናደርጋለን፣ ወደየክፍላችን እንሄዳለን። ምስጋናው መልካም ነው። ይሁን እንጂ ምስጋና የቤት ኪራይ አይከፍልም፤ የአጥሚት እህልም አይገዛም። ስለዚህ ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ደረቅ ያለ የገንዘብ ጥያቄ ነው። አንዲት ሠራተኛ ነፍሰ ጡር ሆና፣ በኋላም አራስ ሆና ሥራ በማትገባባቸው ወራት ደመወዟን መክፈል ያለበት ማን ነው?

ጥያቄውን ያስነሣብኝ በሻይ ክበባችን የሰማሁት ጨዋታ ነው። አንድ ጓደኛችን «እኔ ወደፊት የግል ትምህርት ቤት ብከፍት ሴት መምህር አልቀጥርም፤ አራት ወር ሙሉ ቤቷ ለምትተኛ ሰው ለምን እከፍላለሁ?» አለ። ግማሾቻችን ሳቅን፤ እኅቶቻችን ተቆጡ። ስሙን አልጠቅስም፤ ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለምና። ልጁ ክፉ ሆኖ ሳይሆን ሒሳብ ሠርቶ ነው እንዲህ ያለው። እንግዲህ የኔ አቋም ይህ ነው፤ ሒሳቡን እንዲህ አድርጎ ያስቀመጠው አሠራር እስካልተለወጠ ድረስ የእኛ ቁጣ አንዲት እኅት እንኳ አያስቀጥርም።

በመጀመሪያ ሕጉ ምን እንደሚል እንይ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ከሙሉ ደመወዝ ጋር የወሊድ ፈቃድ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ይሰጥ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 የኋለኛውን ወደ 90 ቀን ከፍ አደረገው። ሲደመር 120 ቀን ይሆናል። በዚሁ አዋጅ ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ለእርግዝና ምርመራ የምትሄድበት ጊዜ ከደመወዟ አይቆረጥባትም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በሥራ አትመደብም፤ የትርፍ ሰዓት ሥራም አትታዘዝም። በእርግዝናዋ ወቅትና ከወለደች በኋላ እስከ 4 ወር ድረስ በመውለዷ ምክንያት ከሥራ ማሰናበት ክልክል ነው። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞችን በተመለከተም በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1064 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቅዶ፣ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ብዙ የሚነቀፍ ነገር የለውም።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ችግሩ ከፋዩ ላይ ነው። ሕጉ ፈቃዱን ይሰጣል፤ ሂሳቡን ግን በአንድ አሠሪ ጫንቃ ላይ ይጥለዋል። የጡረታ አዋጆቻችን እርጅናን፣ የጤና ጉድለትን፣ በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳትንና ሞትን ይሸፍናሉ። ወሊድን ግን አያውቁትም። 1,000 ሠራተኛ ያለው ፋብሪካ የጥቂት አራሶችን ደመወዝ ሳይሰማው ሊከፍል ይችላል። አምስት መምህራን ብቻ ያሉት ትንሽ መዋዕለ ሕፃናት ግን አንዷ ስትወልድ ለአራት ወር የአምስት ሰው ሥራ ለማሠራት የስድስት ሰው ደመወዝ ይከፍላል፤ የእሷንና የተተኪዋን። ሁለቱ በአንድ ዓመት ቢወልዱ ደግሞ አስቡት። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ያሉት ለዚህ ነው። እኛ ሃምሳውን ሎሚ ለአንዱ አሸክመን «ለምን አጎነበስህ?» እንለዋለን።

የተጫነበት አሠሪም ዝም ብሎ አይሸከምም፤ ማምለጫ ይፈልጋል። ለቅጥር የቀረበችውን ልጅ «አግብተሻል? ልጅስ ታስቢያለሽ?» ብሎ ይጠይቃል። ወይም ከመስከረም እስከ ሰኔ ብቻ የሚቆይ ውል ያስፈርማል። ታላቅ እኅቴ የደረሰባት ይኸው ነው። በአንድ ከተማ ባለ የግል መዋዕለ ሕፃናት ሦስት ዓመት አስተማረች። ውሏ ግን ሰኔ ሲሆን ያልቃል፤ መስከረም ሲሆን ይታደሳል። በሦስተኛው ዓመት ግንቦት ላይ ወለደች። ሰኔ ሲያበቃ ደመወዙም አበቃ። መስከረም ላይ ልጇን አዝላ ብትሄድ «ቦታው ተሞልቷል» ተባለች። ማንም «ስለወለድሽ አባረርንሽ» አላላትም። ሕጉን ሳይነኩ መብቱን ማስቀረት ይቻላል ማለት ይህ ነው። እሷ ያን ክረምት የበላችው የእናታችንን የጉሊት ገንዘብ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። አገራችን የአራስን ወጪ መከፋፈል ከማንም የምትማር አይደለችም። በየሰፈሩ አንዲት ሴት በሰላም ስትገላገል «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ የሚገባው ጎረቤት ባዶ እጁን አይገባም። አንዷ ገንፎ ታገነፋለች፤ ሌላዋ አጥሚት ታፈላለች፤ ሌላዋ ልብስ ታጥባለች። ክርስቲያኑ ለወንድ ልጅ 40፣ ለሴት ልጅ 80 ቀን ቆጥሮ ክርስትና እስኪያስነሣ ድረስ እናቲቱ ከከባድ ሥራ ትጠበቃለች። ሙስሊሙም ጎረቤት 40 ቀን አራሱን ይጠይቃል። ማንም «የአራሷን ገንፎ በሙሉ የግድግዳ ተጋሪዋ ጎረቤት ብቻ ትቻለው» ብሎ አያውቅም። ነገሩ ወደ ደመወዝ ሲመጣ ግን ይህን ጥበብ ረሳነው።

በዓለም ላይም ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በተቋቋመበት ዓመት፣ በ1919 እ.ኤ.አ. ባወጣው 3ኛ ስምምነት የ12 ሳምንት የወሊድ ዕረፍትን ሲደነግግ ክፍያው ከመንግሥት ገንዘብ ወይም ከመድን እንዲሆን አስቦ ነበር። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው 183ኛው ስምምነትም ፈቃዱን ቢያንስ 14 ሳምንት አድርጎ፣ ወጪውን አሠሪው ለብቻው እንዳይሸከም ይላል። ከጎረቤቶቻችን ብዙም የማትርቀው ሩዋንዳ ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. ሕግ አውጥታ የወሊድ መዋጮ ጀመረች። ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ 0.3፣ አሠሪውም ከመቶ 0.3 ያዋጣሉ፤ ወንዱም ሴቷም። በዚያ ሕግ መሠረት ከ12ቱ ሳምንት የመጀመሪያዎቹን 6 አሠሪው፣ የቀሩትን 6 ደግሞ የጋራው ገንዘብ ይከፍል ነበር።

«ድሃ አገር ይህን ከየት አምጥታ?» የሚል ይኖራል። እስቲ የክፍል ሥራ እንሥራው። ደመወዛቸው እኩል 10,000 ብር የሆነ 167 ሠራተኞች አሉ እንበል። እያንዳንዱ በወር 30 ብር፣ አሠሪውም ለእያንዳንዱ 30 ብር ቢያዋጡ በወር 10,020 ብር ይሰበሰባል። በዓመት 120,240 ብር ይሆናል። የአንዲት አራስ የአራት ወር ሙሉ ደመወዝ 40,000 ብር ነው። እንግዲህ ከ167ቱ በዓመት ሦስቱ ቢወልዱ ገንዘቡ ይበቃል ማለት ነው። ወላዶቹ ቢበዙ መዋጮው በመጠኑ ከፍ ይላል። አሰባሳቢ መሥሪያ ቤት እንደ አዲስ መፍጠርም አያስፈልግም፤ ዛሬም ለጡረታ ከሠራተኛው ከመቶ 7፣ ከግል አሠሪው ከመቶ 11 እየተሰበሰበ ነው። በዚያው መንገድ ላይ ጥቂት ሳንቲም መጨመር ነው የሚቀረው።

ይህ ጉዳይ እኛን ዕጩ መምህራንን በተለይ የሚነካበት ምክንያት አለ። የትምህርት ዓመቱ ዐሥር ወር ነው፤ 120 ቀን ሲወጣለት ትንሽ አይደለም። ብዙ ጊዜ መምህርት ስትወልድ ክፍለ ጊዜዋ ለባልደረቦቿ ይደለደላል። እነሱም በደከመ ጉልበት ይይዙታል፤ አንዳንዴም ክፍሉ ያለ መምህር ይውላል። ከዚያ ማጉረምረሙ ይመጣል፤ የሚጉረመረመውም በአሠራሩ ላይ ሳይሆን በእሷ ላይ ነው። የአራሷ ደመወዝ ከጋራ ገንዘብ ቢከፈል ግን ትምህርት ቤቱ ለእሷ የያዘው ደመወዝ በእጁ ይቀራል። በዚያ ገንዘብ ለአራት ወር ተተኪ መምህር ይቀጥርበታል። ተማሪው አይበደልም፤ ባልደረባው አይማረርም። ተመርቆ ሥራ ያጣ አንድ መምህርም እንጀራ ያገኛል። ያ ሥራ ፈላጊ ነገ ከእኛ አንዱ ሊሆን ይችላል።

ደመወዝተኛ ስላልሆኑት እናቶችም ዝም ማለት አልችልም። የቤት ሠራተኛዋ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ አትሸፈንም፤ በግል አገልግሎት የሚሠሩትን አዋጁ ከወሰኑ ውጭ አድርጓቸዋልና። ስታረግዝ ዕቃዋን በፌስታል ይዛ መውጣት ነው ዕጣዋ። የጉሊት ነጋዴዋም አሠሪ ስለሌላት ፈቃድ የምትጠይቀው ሰው የላትም። ብዙ ጊዜ ልጇን ከድንቹ ጎን አስተኝታ ነው የምትሸጠው። ግን መንገድ አይጠፋም። በገጠር የሴፍቲኔት ፕሮግራም፣ በ2007 ዓ.ም. በተጀመረው 4ኛ ምዕራፍ፣ ነፍሰ ጡር ሴት ከማኅበረሰብ ሥራ ወጥታ ልጇ አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ሳትሠራ ክፍያዋን እንድታገኝ ተደርጎ ነበር። ገበሬውም ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን እያዋጣ መታከምን ለምዷል። ለሕመም ያዋጣ ሕዝብ ለወሊድ አያዋጣም ያለው ማን ነው? ለቀብር እድር ያለው ሰፈር ለልደት እድር ቢኖረው ምን ይጎድልበታል?

ወንድሞቼ፣ እኛም ከጥያቄው አናመልጥም። አዋጅ 1156 ለአባት የሚሰጠው ደመወዝ ያለው ፈቃድ 3 ቀን ነው። ሦስት ቀን እኮ ገንፎ ለመቅመስ እንጂ ልጅ ለማሳደግ አይበቃም። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064 እንኳ 10 የሥራ ቀን ሰጥቶ ነበር። የአባት ፈቃድ ቢረዝም አሠሪው «ወላድ» ብሎ የሚፈራው ሴቷን ብቻ መሆኑ ይቀራል። ለሻይ ክበቡ ጓደኛችን ከሁሉ የሚሻለው መልስ ይህ ይመስለኛል።

የጋራ ገንዘቡ በአንድ ጀምበር አይቋቋምም። እስከዚያው ግን እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ የለብንም። እኅቶቻችን ከመፈረማቸው በፊት ውላቸውን ያንብቡ፤ በሕጉ ዋናው መርሕ የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ መሆኑ ነውና፣ «ሰኔ ላይ ያልቃል» የሚል ውል ሲቀርብላቸው «ለምን?» ብለው ይጠይቁ። እርግዝናን በሐኪም ማስረጃ አስደግፎ ለአሠሪ በጽሑፍ ማሳወቅና ቅጂውን ማስቀረት ይገባል። ያልተወሰደ የዓመት ዕረፍት ካለ ከወሊድ ፈቃዱ ጋር ለማያያዝ አስቀድሞ መነጋገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ እንዲጠባ ይመክራል፤ 90 ቀን ግን የዚያ ግማሽ ነው። ስለዚህ በየምንመደብበት ትምህርት ቤት አንዲት ክፍል እንኳ ብትሆን ለሕፃናት ማቆያና ማጥቢያ እንድትለቀቅ መጠየቅ አለብን። ሴቶቹ ብቻ ሳይሆኑ ሁላችንም።

ለተቋማችንም አንድ ሐሳብ አለኝ። የማስተማር ልምምድ እንዴት እንደምናደርግ በደንብ እየተማርን ነው፤ ስለ ሥራ ውልና ስለ ወሊድ ፈቃድ ግን አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ የለንም። ከመመረቃችን በፊት መምህሮቻችን አንድ ከሰዓት በኋላ ሰጥተውን፣ ሕጉን የሚያውቅ ሰው ተጋብዞ ቢያስረዳን ወጪው የጠመኔ ያህል ነው።

የሻይ ክበቡ ጓደኛችንም ሆነ ሌላ ሰው ሒሳቤ ላይ ስሕተት ካገኘ ወይም ሐሳቤን የሚቃወም ከሆነ መልሱን ጽፎ ለአዘጋጆቹ ይስጥ፤ ከዚህ ጽሑፍ ጎን ይለጠፍና አብረን እናንብበው። እኔ በበኩሌ የአራስ ደመወዝ የአንድ ሰው ዕዳ መሆኑ ይብቃ ብያለሁ።

ከአንድ የ2ኛ ዓመት ሠልጣኝ