የሁምቦ ሽቅብ
ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ ስንመለስ ሁምቦን አልፈን ሽቅቡን እንደጀመርን የቪትዙ ሾፌር ምንም ሳይናገር እጁን ሰዶ ኤሲውን አጠፋው። ማርሹን ወደ 2 አወረደና ወደፊት ዘንበል አለ፣ መኪናዋን በደረቱ የሚያግዛት ይመስል። ከኋላ ሦስት ሰው ተቀምጧል፤ እግራቸው ሥር ሙዝ አለ። ለሞተሩ ጉልበት ለመቆጠብ ኤሲውን ያጠፋበት ያ የእጁ እንቅስቃሴ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ባለ 1.0 ሊትሩ ቪትዝ በወረቀት ላይ ወደ 70 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ሶዶ ግን 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ከዚያ ጉልበት አንድ አምስተኛው ያህል ይቀንሳል። ለወላይታ መንገድ የሚሆነው ባለ ቱርቦ ትንሽ መኪና ነው ባይ ነኝ። ለምሳሌ የሱዙኪ ስዊፍት 998 ሲሲ ቡስተርጄት ሞተር፣ ሲሊንደሩ 3 ብቻ ሆኖ፣ 170 ኒውተን ሜትሩን ከ2000 ዙር ጀምሮ ይሰጣል። ቱርቦው የሳሳውን አየር አምቆ ስለሚያስገባ ከፍታው ያን ያህል አይጎዳውም፤ ቤንዚንም ይቆጥባል። የቤንዚን አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ስለተከለከለ ግን እንዲህ ያለውን መኪና ሶዶ ላይ የማየት ተስፋችን መንምኗል፤ ይህ ከልቤ ይቆጨኛል። ከተማ ስንገባ ሾፌሩ ኤሲውን መልሶ ሊከፍት እጁን ዘረጋና ተወው፤ የዳሞታ ተራራ ንፋስ በመስኮቱ ገብቶ ነበር።