ቢን ካርድ ወገብ አይቆጥርም

ሰኔ 30 ደረሰ። ከጎፋ እስከ ለቡ ስቶር የያዛችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ ቆጠራ ላይ ናችሁ አይደል? በርቱ! አንድ ነገር ግን ልበላችሁ።

ቢን ካርዱ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ ይመዘግባል። ያንን ኩንታል አንድ ሰው በቀን ስንቴ እንዳነሳው ግን አይመዘግብም። ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1967 እ.ኤ.አ. ለአዋቂ ወንድ ሠራተኛ የመከረው ጣሪያ 55 ኪሎ ነው። እኛ "ጎበዝ ነው!" ብለን እናልፋለን።

መፍትሔው ያለው ስቶሩ ውስጥ ነው። ከባዱንና ቶሎ ቶሎ የሚወጣውን ዕቃ በር አጠገብ፣ በወገብ ልክ አስቀምጡት። አቅራቢው በ50 ኪሎ እንዲያሽግ ግዢው ላይ ይጻፍ። ሁለት ኤፍኤስአር በአንድ ሰዓት አትቅጠሩ። ዕረፍቱንም ፕሮዳክሽን ፕላኑ ውስጥ አስገቡት።

"ጊዜ ይባክናል" ለሚሉ አለቆች፦ የደከመ ሰው ያልታዘዘ ዕቃ ያወጣል፣ ቆጠራ ያዛባል፤ ማሽኑም ጥሬ ዕቃ አጥቶ ይቆማል። አዋጅ 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ የገደበው በከንቱ አይደለም።

ጉድለት ሲገኝ ስቶር ኪፐሩን ከመክሰሳችሁ በፊት ስንት ሰዓት ያለ ዕረፍት እንደቆጠረ ጠይቁ።

እናንተ ጋስ እንዴት ነው? ጻፉልኝ።