ደብዳቤውን የጻፈችው

ሰሞኑን ዲከረንስ ስለሚባለው የከሰል ዛፍ የተሠራ አንድ ጥናት አነበብኩ። ጥናቱን ወደድኩት፤ የምስጋናው ገጽ ግን አናደደኝ። ፈጣሪ፣ አማካሪው፣ ገንዘብ የሰጠው ድርጅት፣ ባለቤትና ልጆች ሁሉ ተመስግነዋል። የጥናት ቡድኑ ጸሐፊ ግን የለችም።

ይህ የቆየ ሙግቴ ነው። እንደዚሁ ከምስጋናው የሚቀሩትን የመስክ ሹፌሮች ጉዳይ ያነሳሁ ጊዜ አንድ ምሁር «ደመወዝ ይከፈላቸው የለም ወይ?» አሉኝ። ለፕሮፌሰሩም ይከፈላቸዋል፤ ስማቸው ግን ሽፋኑ ላይ አለ።

ለወረዳው የትብብር ደብዳቤ የምትጽፈው፣ ማህተም የምታስመታው፣ ሦስት ፕሮፎርማ የምትሰበስበው፣ መኪናና ነዳጅ የምታስፈቅደው ጸሐፊዋ ናት። ቡድኑ ከመስክ ሲመለስ ደግሞ ከባዱ ይመጣል፤ ሂሳብ ማወራረድ። የመረጃ ሰብሳቢዎቹ ፊርማ ይጎድላል፤ መንገድ ለመሩት ገበሬ የተከፈለው ደረሰኝ የለውም። ያ ካልተወራረደ ቀጣዩ ክፍያ አይለቀቅም፤ ጥናቱም እዚያው ይቆማል።

የማውቃት አንዲት ጸሐፊ የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ልጅ ናት፤ አፏን የፈታችው በአዊኛ ነው። የምትሠራው ግን ከዚያ ራቅ ባለ ዩኒቨርሲቲ ነው። ቡድኗ ወደዚያው ወረዳ፣ ወደ ጥሊሊ ሊሄድ ሲል መርሐ ግብሩን እየተየበች «በሥራ ቀን ሰው ቤቱ አታገኙም፤ በበዓል፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሂዱ» አለቻቸው። ሰሟት፤ ሰውም አገኙ። መጠይቁ ግን በአማርኛ ብቻ ነበር። አንዲት እናት ጥያቄው አልገባ ሲላቸው መረጃ ሰብሳቢዎቹ ለጸሐፊዋ ደውለው አስተረጎሟት።

ጥያቄው ዲከረንስ ገቢዎን ጨምሯል ወይ የሚል ነበር። እናትየው በአንድ ቃል አልመለሱም። በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ ጋር ጤፍ እንደሚዘራ፣ ቀጥሎ ሣሩ ለከብት እንደሚታጨድ፣ ዛፉ ሲደርስ ከስሎ እንደሚሸጥ፣ አሁን ግን በሽታ ገብቶ ሳይደርስ እያደረቀባቸው መሆኑን ነገሯት። ይህን የሚይዝ ሣጥን መጠይቁ ላይ አልነበረም። ጸሐፊዋ በማስታወሻዋ ጻፈችው። ከዚያ ቡድን ሥራ ሁሉ ለእኔ የሚበልጥብኝ ያ ማስታወሻ ነው።

አሁን ግን ከምስጋናውም በላይ የሚከነክነኝ ሌላ ነገር አለ። ከፋግታ ለኮማ ወረዳ የዲከረንሱ ከሰል በጭነት መኪና አዲስ አበባ ይሄዳል፤ በዛፉ ላይ የሚሠራው ጥናትም ተጽፎ ወደ ውጭ መጽሔት ይሄዳል። ለገበሬው የሚቀርለት የትብብር ደብዳቤው ላይ የተጻፈው የጸሐፊዋ ስልክ ነው። ይደውልላታል፤ «ለዛፉ በሽታ መድኃኒት ተገኘ?» ይላታል። የምትመልሰው የላትም፤ ውጤቱን ለእሷም የነገራት የለም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለጥናት በጀት ለሚያጸድቁ ሰዎች ነው። ውጤቱ በአማርኛና በአዊኛ፣ በሁለት ገጽ፣ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና ለጸሐፊዋ ሳይደርስ የመጨረሻው ክፍያ አይለቀቅ። ለአንድ የአበል ደረሰኝ ይህን ያህል መጨከን ከተቻለ ለዚህም ይቻላል።