የሰው አገር ልብስ፦ ባህል ወይስ ትእዛዝ?

ካገሩ የወጣ፣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ ነው ይላል ብሂላችን። ለጉዞ ሻንጣዋን የምታዘጋጅ ሴት የምትሰማው ምክርም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ «የአገሩን ባህል አክብሪ፣ ተሸፈኚ፣ ነገር አታብዢ» ትባላለች። ምክሩ ከችግር ያድን ይሆናል። ጉድለቱ የአምልኮ ቦታን ሥርዓት፣ የሰፈርን ልማድና የመንግሥትን ትእዛዝ አንድ ላይ ጠቅልሎ «ባህል» ማለቱ ነው። ሦስቱ ከእንግዳዋ የሚጠብቁት ግን የተለያየ ነው።

ቀላሉ የአምልኮ ቦታ ነው። ቫቲካን በሚገኘው የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ትከሻና ጉልበት ሳይሸፈን አይገባም፤ ቁምጣ የለበሰ ወንድም ከበር ሊመለስ ይችላል። በላሊበላ ፈረንጁም አገሬውም ጫማውን አውልቆ ይገባል። ኢስታንቡል ሰማያዊው መስጊድ ውስጥ ሴቷ ፀጉሯን ትሸፍናለች፤ ጫማ ማውለቁ ግን የሁሉም ነው። ሥርዓቱ የባለቤቶቹ ነው፤ ከደጃፉ ውጭም አይከተልም። ያልፈለገች ሴት ሳትገባ መንገዷን ትቀጥላለች፣ የሚይዛት የለም። እዚህ መታዘዝ እውነተኛ አክብሮት ነው።

ነገሩ የሚወሳሰበው መንግሥት ሲገባበት ነው። ኢራንን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1936 ንጉሡ ሬዛ ሻህ ሴቶች በአደባባይ እንዳይሸፈኑ አዘዘ፤ ፖሊሶች ከመንገደኛ ሴቶች ራስ ላይ መሸፈኛ ይገፉ ነበር። ተገልጦ ከመውጣት ቤት መዋልን የመረጡም ነበሩ። በ1979 አብዮቱ ሲያሸንፍ ደግሞ መሪው አያቶላህ ኾሜኒ በመሥሪያ ቤቶች ያሉ ሴቶች እንዲሸፈኑ ተናገሩ፤ በማግሥቱ፣ በዓለም የሴቶች ቀን፣ በሺዎች የሚቆጠሩ የቴህራን ሴቶች ለተቃውሞ ወጡ። በ1983 ጉዳዩ ሕግ ሆነ፤ ሳትሸፈን በአደባባይ ለተገኘች ሴት 74 ጅራፍ ተደነገገ። ዕድሜ ያደላት ኢራናዊት በአንድ ሕይወቷ በግድ ተገልጣለች፣ በግድም ተሸፍናለች። በእምነቷ ወድዳ የምትሸፈነው እልፍ ናት፤ የእሷ ሻርፕ ግን ጅራፍ አያስፈልገውም። በ2022 የ22 ዓመቷ ማህሳ አሚኒ በሥነ ምግባር ፖሊስ ተይዛ ሕይወቷ ሲያልፍ ሻርፓቸውን በአደባባይ ያቃጠሉት የአገሩ ሴቶች ነበሩ። እንግዲህ ቴህራን አየር ማረፊያ ላይ ሻርፕ የምትጠመጥም እንግዳ ለሕግ ተገዛች እንጂ ባህል አከበረች ለማለት ይከብዳል።

ትእዛዝ ደግሞ እንደመጣ ይሄዳል። ዩክሬናዊቷ የቼዝ ተጫዋች አና ሙዚቹክ በ2017 ሪያድ በተካሄደው ውድድር አልሳተፍም ብላ ሁለት የዓለም ሻምፒዮንነት ማዕረጎቿን አጣች፤ ከምክንያቶቿ አንዱ አባያ የተባለውን ሰፊና ረጅም ልብስ መልበስ አለመፈለጓ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሳዑዲ ዓረቢያ የቱሪስት ቪዛ ስትጀምር የውጭ ሴቶች አባያ የመልበስ ግዴታ እንደሌለባቸው፣ ጨዋ አለባበስ እንደሚበቃ አስታወቀች። በ2023 ደግሞ ፈረንሳይ ያንኑ አባያ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከለከለች። አንዱ መንግሥት ያስለብሳል፣ ሌላው ያስወልቃል፤ ሁለቱም ሴቷን አልጠየቋትም።

«እንግዳ ሆና የሰው አገር ሕግ ትጣስ ወይ?» የሚል ይኖራል። አትጣስ። ቅጣቱን የምትቀበለው እሷ ናት፤ ብትታሰር የሚደርስላት ኤምባሲም ላይኖር ይችላል። መታዘዝና ማመን ግን ይለያያሉ። ልዩነቱ ይበልጥ የሚታየው በእኛው እህቶች ላይ ነው። የ2019ኙ የሳዑዲ መላላት ሆቴል ለምታርፈው ቱሪስት ነው የመጣው፤ በቤት ሠራተኝነት የሄደችው ምን እንደምትለብስ የሚወስነው ብዙ ጊዜ ማዳሟ ናት፣ የመኖሪያ ፈቃዷም በአሠሪዋ እጅ ነው። ለእሷ «ባህላቸው ነው» የሚለው የደላላ ምክር የአቅም ልዩነትን መሸፈኛ ነው።

የሚቀረው ልማድ ነው፤ እሱ በጽሑፍ የለም፣ በሰፈርም ይለያያል። ኢስታንቡል ውስጥ ፋቲህና ካድኮይ አንድ ዓይነት አይለበስም፤ ቦሌ ላይ ማንም ዞሮ የማያየው አጭር ቀሚስ ገጠር ገበያ ውስጥ ዓይን ይሰበስባል። እዚህ የሚሻለው መመሪያ እኩያሽ የሆነች የሰፈሩ ሴት የምትለብሰውን ማየትና እሷኑ መጠየቅ ነው። ልብስ ግን ጋሻ ነው ብለሽ አትመኚ። አብዛኞቹ ሙስሊም ሴቶች በሚሸፈኑባት ግብፅ፣ የተባበሩት መንግሥታት የሴቶች ድርጅት በ2013 ባወጣው ጥናት ከተጠየቁት ሴቶች 99.3 በመቶ የሚሆኑት ትንኮሳ እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ጥፋቱ የአለባበስ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ እንዲህ ባልሆነ።

ስለዚህ «ባህሉን አክብሪ» የተባለች ሴት መልሳ ትጠይቅ፦ ማን አዘዘው? ከመቼ ወዲህ? ወንዱንስ ይመለከታል? እምቢ ያለችው ምን ትሆናለች? መልሱ «ከደጅ ትመለሳለች» ከሆነ ሥርዓት ነው፤ በደስታ ትሸፈን። መልሱ «ትታሰራለች» ከሆነም ለደኅንነቷ ስትል ትሸፈን፤ ነገር ግን አገሯ ስትመለስ «እንዴት ደስ የሚል ባህል አላቸው» ብላ አታውራ። የዚያ አገር ሴቶች ባህላችን አይደለም ብለው በሚታሰሩበት ጉዳይ እንዲያ ማለት ለአሳሪያቸው መመስከር ነው።