ልጁን ያሳመመው ፊልሙ ነውን?

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ከአንድ የአሜሪካ ፊልም ይነሳል፤ መድረሻው ግን የልጆቻችን ጤና ነው። የአንድ ፊልም አፍቃሪዎች ቁጣ ሕጻኑን ተዋናይ ለአእምሮ ሕመም ዳረገው የሚል ወሬ ለዓመታት ሲነገር ቆይቷል። እንደ ሐኪም ይህን አባባል በሁለት ምክንያት አልቀበለውም። አንደኛ፣ የአእምሮ ሕመም የሚመጣበትን መንገድ ያዛባል። ሁለተኛ፣ በሕጻን ላይ መሳለቅ ጥፋት የሚሆነው በሽታ ካስከተለ ብቻ እንደሆነ ያስመስላል። (በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ታሪኩን እናስታውስ። «ስታር ዋርስ» የተሰኘው ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ለዕይታ የበቃው በ1977 ነው። በ1980 እና በ1983 ሁለት ተከታይ ክፍሎች ወጥተው በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ አፍቃሪዎችን አፈራ። የፊልሞቹ ፈጣሪ ጆርጅ ሉካስ ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ1999፣ «ዘ ፋንተም ሜናስ» የተባለውን ፊልም ይዞ ብቅ አለ። ይህኛው ከቀደሙት ፊልሞች ታሪክ በፊት የነበረውን ዘመን የሚተርክ ነው። በቀደሙት ፊልሞች ጥቁር ለብሶና ፊቱን ሸፍኖ የሚያስፈራው ዳርዝ ቬደር፣ በዚህ ፊልም ውስጥ አናኪን የሚባል የ9 ዓመት ልጅ ነው። ሚናውን የተጫወተው ጄክ ሎይድ ቀረጻው በ1997 ሲካሄድ የ8 ዓመት ልጅ ነበር።

ፊልሙ ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገቢ አስገኘ። ይሁን እንጂ በልጅነታቸው የመጀመሪያዎቹን ፊልሞች አይተው 16 ዓመት የጠበቁ ብዙ አፍቃሪዎች የጠበቁትን አላገኙም። ቁጣቸውም በደራሲውና በዳይሬክተሩ ላይ ብቻ አልቆመም፤ በልጁም ላይ ወረደ። ለዓመቱ መጥፎ ፊልሞችና ተዋንያን የማላገጫ ሽልማት የሚሰጠው «ጎልደን ራዝቤሪ» ጄክን በመጥፎ ረዳት ተዋናይነት ዕጩ አደረገው። ያን ጊዜ ዕድሜው 10 ዓመት ገደማ ነበር። ልጁ የተናገራቸውን ቃላት የጻፈው አዋቂ ነው፤ ለሚናው የመረጠው፣ የመራውና ቀረጻውን ያጸደቀውም አዋቂ ነው። ስድቡ ሲመጣ ግን ልጁም ከተሰዳቢዎቹ አንዱ ሆነ።

ጄክ በ2001 ከትወና ወጣ። በ2012 በሰጠው ቃለ ምልልስ የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ባዩት ቁጥር የፊልሙን የብርሃን ሰይፍ ድምፅ እያሰሙ ያላግጡበት እንደነበር ተናግሯል። በ2015 በደቡብ ካሮላይና ግዛት በፖሊስ ተይዞ ታሰረ፤ በ2016 ደግሞ ወደ አእምሮ ሕክምና ተቋም ተዛወረ፤ ቤተሰቡም ስኪዞፍሬንያ የተባለው ሕመም እንዳለበት ገለጸ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ነገሩን በአንድ መስመር አገናኘው፤ «ፊልሙ ነው ያሳበደው» ተባለ።

እዚህ ላይ ሕክምናው የሚለውን እንመልከት። ስኪዞፍሬንያ ሰው ከእውነታ ጋር ያለውን ግንኙነት የሚያዛባ ከባድ የአእምሮ ሕመም ነው። ሕመምተኛው ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል፤ ሰዎች ይከታተሉኛል፣ ሊጎዱኝ ነው ብሎ በጽኑ ያምናል፤ ንግግሩና ሐሳቡ ይዘበራረቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ300 ሰዎች አንዱ ገደማ ከዚህ ሕመም ጋር ይኖራል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከአሥራዎቹ ዕድሜ ማብቂያ እስከ ሃያዎቹ ባሉት ዓመታት ነው።

መንስኤው አንድ አይደለም። በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት ትልቅ ድርሻ አለው፤ ከወላጆቹ አንዱ ሕመሙ ያለበት ልጅ የመታመም ዕድሉ ወደ 10 በመቶ ይጠጋል። ሆኖም ከአንድ እንቁላል ከተፈጠሩ መንትዮች አንዱ ሲታመም ሌላው ጤነኛ ሆኖ የሚኖርበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህም ዘር ብቻውን ወሳኝ እንዳልሆነ ያሳያል። በእርግዝናና በወሊድ ወቅት የሚያጋጥሙ ችግሮች፣ በወጣትነት ካናቢስ መጠቀም፣ በልጅነት የደረሰ ከባድ በደል ተጋላጭነቱን ይጨምራሉ። በመሆኑም ከአንድ ሰው ሕይወት አንድን ክስተት ነጥሎ «ያሳመመው ይህ ነው» ለማለት የሚያስችል ምርመራ የለም።

የጄክ እናት በ2024 በሰጡት ቃለ ምልልስ ይህንኑ የሚያጠናክር ነገር ተናግረዋል። ልጃቸውን ከፊልሙ ተቺዎች ጠብቀው እንዳሳደጉት፣ ትወናውን የተወውም በዋናነት በቤተሰቡ ጉዳይ እንደሆነ፣ ሕመሙ ደግሞ በአባቱ የዘር ሐረግ የነበረ መሆኑን አስረድተዋል። አንዳንዶች ይህን ከሰሙ በኋላ «እንግዲያው ስድቡ ምንም አላደረገውም» ወደሚል ድምዳሜ ሄዱ። እኔ ግን ይህም ከመጀመሪያው ያልተናነሰ ስሕተት ነው እላለሁ። ሕመሙ ከስድቡ አለመምጣቱ ስድቡን ጉዳት አልባ አያደርገውም። እናትየው በቤት ውስጥ ጋሻ ሊሆኑት ችለው ይሆናል፤ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የሚሆነውን ግን እዚያ የዋለው ልጁ ራሱ ነግሮናል።

ማላገጥና ማንቋሸሽ ልጅን እንደሚጎዳ ለማወቅ ስኪዞፍሬንያን መጥቀስ አያስፈልገንም። በብሪታንያ በ1958 የተወለዱ ከ7 ሺህ በላይ ሰዎች እስከ 50 ዓመታቸው ድረስ በጥናት ተከታትለዋል። በ7 እና በ11 ዓመታቸው በእኩዮቻቸው በተደጋጋሚ ይጠቁ የነበሩት፣ ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ እንኳ ድባቴና ጭንቀት በብዛት ታይቶባቸዋል፤ ከሰው ጋር ያላቸው ግንኙነትም ደከም ያለ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ልጅነት ሲያልፍ ጉዳቱ አብሮ አላለፈም።

አዋቂን እንኳ ምን ያህል እንደሚጎዳ ከዚያው ፊልም መመልከት እንችላለን። ጃር ጃር ቢንክስ የተባለውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው አህመድ ቤስት ያን ጊዜ የ25 ዓመት ወጣት ነበር። የወረደበት ውግዘት ሕይወቱን ለማጥፋት እስከማሰብ አድርሶት እንደነበር በ2018፣ ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ፣ ከልጁ ጋር የተነሳውን ፎቶ አያይዞ ለሕዝብ ገልጿል። በ2023 «ዘ ማንዳሎሪያን» በተባለው ተከታታይ ድራማ በሌላ ሚና ወደ ስታር ዋርስ ዓለም ተመልሶ ብዙዎች በደስታ ተቀብለውታል። የ25 ዓመት ሰው ይህን ያህል ከተጎዳ ከ10 ዓመት ልጅ ምን እንጠብቃለን?

ልጅ ከአዋቂ የሚለይበት ምክንያት አለ። ከ8 እስከ 11 ባለው ዕድሜ ልጅ ራሱን ከእኩዮቹ ጋር ማወዳደር ይጀምራል፤ ስለ ራሱ የሚኖረውም ግምት ሌሎች ስለ እሱ በሚሉት ላይ ይገነባል። አዋቂ «ሥራዬን ነው የጠሉት» ብሎ ራሱን ከሥራው ሊለይ ይችላል። ልጅ ግን «ትወናው ደካማ ነው» እና «አንተ የማትረባ ነህ» የሚሉትን ነጣጥሎ ለመስማት ገና አልደረሰም። ፊልምን መተቸት የተመልካች መብት ነው፤ ትችቱ ግን ወደ ደራሲው፣ ወደ ዳይሬክተሩና ወደ አዘጋጁ ይሂድ።

ሕግ እዚህ ድረስ አይዘልቅም። በካሊፎርኒያ ከ1939 ጀምሮ የሕጻናት ተዋንያንን ገንዘብ የሚጠብቅ ሕግ አለ፤ አሁን ከገቢያቸው ቢያንስ 15 በመቶው ለአቅመ አዳም ወይም ሔዋን እስኪደርሱ ይቀመጥላቸዋል። ክብራቸውን የሚያስቀምጥ ባንክ ግን የለም። ይህን የሚጠብቀው የተመልካቹ ሥነ ምግባር ብቻ ነው፤ ሊለወጥ እንደሚችልም ታይቷል። በ2023 መጀመሪያ ያው «ጎልደን ራዝቤሪ» የ12 ዓመቷን ራያን ኪየራ አርምስትሮንግን «ፋየርስታርተር» በተባለው ፊልም ላይ ባሳየችው ትወና ዕጩ ሲያደርጋት ሕዝቡ ተቆጣ። አዘጋጆቹ ስሟን ሰርዘው ይቅርታ ጠየቁ፤ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ማንንም ዕጩ ላለማድረግም ደንብ አወጡ። ደንቡ እንዲወጣ ማንም ልጅ እስኪታመም አልተጠበቀም። ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ ለሕመም አንድ ጥፋተኛ መፈለግ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የአንድ ወጣት ባሕርይ ድንገት ሲለወጥ «ማን ምን አደረገበት?» እንላለን። የሰው ዓይን ነው፣ ድግምት ነው፣ ትምህርት በዝቶበት ነው ይባላል። ጥፋተኛው ሲፈለግ ወራት ያልፋሉ፤ ሕክምናው በዘገየ ቁጥር ደግሞ ማገገሙ ይከብዳል። ስለዚህ ልጃችሁ ከሰው ከራቀ፣ እንቅልፍ ካጣ፣ ያለ ምክንያት ሰዎችን ከተጠራጠረ፣ ንጽሕናውን ከተወ ወይም ለብቻው የሚያወራ ከሆነ በአቅራቢያችሁ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት። ጸበል የሚወስዱ ቤተሰቦችም መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይችላሉ። እናትና አባትም «ምን በድለን ነው?» እያሉ ራሳቸውን አይውቀሱ።

መሳለቂያ የሆነ ልጅ ደግሞ ሁልጊዜ በቃል አይናገርም። ጠዋት ትምህርት ቤት ሊሄድ ሲል ሆዴን፣ ራሴን የሚል፣ ምርመራ ተደርጎለት ግን ምንም ያልተገኘበት ልጅ ክሊኒክ ውስጥ በየጊዜው የሚገጥመን ነው። ትቶት የነበረውን አልጋ ማርጠብ እንደገና መጀመር፣ የውጤት መቀነስ፣ ይወደው ከነበረው ጨዋታ መራቅም ምልክቶች ናቸው። እንዲህ ሲሆን ሳትቆጡ ጠይቁት፤ «አንተም መልስላቸው» ብላችሁ አትሸኙት፤ ከመምህሩ ጋር ተነጋገሩ። መሞት እፈልጋለሁ የሚል ልጅ ካለ እንደ ቀልድ አትለፉት፤ ብቻውን ሳትተዉት በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ውሰዱት።

ዛሬ ልጅ በሰው ፊት ለመቅረብ ሆሊውድ መሄድ አይጠበቅበትም፤ የእናቱ ስልክ በቂ ነው። የልጃችሁን ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ከመልቀቃችሁ በፊት የማታውቁት ሰው ሊጽፍበት የሚችለውን አስቡ። እናንተም የሰው ልጅ ሲዘፍን ወይም ሲተውን አይታችሁ ካልጣማችሁ ዝም ብላችሁ ማለፍ ትችላላችሁ። ያ ልጅ ነገ ይታመም አይታመም ማናችንም አናውቅም። ዛሬ ልጅ መሆኑን ግን እናውቃለን፤ ምላሳችንን ለመሰብሰብ ይህ በቂ ነው።